የንግድ እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ ወጣት መምህራን

ውድ ወጣት መምህራን፣

የንግድ እንግሊዝኛን ለአዋቂዎች ማስተማር ከጀመርኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ከእነዚህም የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት በአመዛኙ ያባከንኳቸው ተማሪዎቼ ምላሳቸውን በጥርሳቸው መካከል እንዲያወጡ ስታገል ነው። «ቲንክ» ያለውን አስቁሜ፣ «ዚስ» ያለችውን መልሼ፣ አማርኛ የሌለውን ያን የ«th» ድምፅ እስኪያወጡ ድረስ አላልፋቸውም ነበር። ጥቂቶቹ ተሳካላቸው፤ ብዙዎቹ ግን ከክፍሌ ይዘውት የወጡት ለመናገር መፍራትን ነው።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት በሽያጭ ክፍል ይሠራ የነበረ ተማሪዬ ነው። ከውጭ ገዢ ጋር በስልክ ተነጋግሮ 13 ኮንቴይነር ቡና ለመሸጥ ተስማማ፤ በማግሥቱ በኢሜይል የደረሰው የውል ረቂቅ ግን 30 ይላል። በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ያህል ባለ 60 ኪሎ ኬሻ ስለሚጫን፣ ልዩነቱ ከ5,400 ኬሻ በላይ ነው። ደግነቱ ሳይፈረም ተያዘ። ልጁ ግን ክፍል መጥቶ፣ «ቲቸር፣ ‹ሰርቲን› ብዬ እኮ ነው የነገርኩት፤ የመጀመሪያውን ድምፅ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ነዎት ያረሙልኝ» አለኝ። እውነቱን ነበር። የቃሉን መጀመሪያ አሳምሮ ያወጣዋል፤ መጨረሻውን ግን ይውጠዋል፤ 13ን ከ30 የሚለየው ደግሞ ያ የተዋጠው መጨረሻ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ አስተምሬው አላውቅም።

መጻሕፍቱ ብዙውን ጊዜ በ13 ላይ አጽንዖቱ በሁለተኛው ክፍለ ቃል፣ በ30 ላይ ግን በመጀመሪያው እንደሚወድቅ ያስተምራሉ። ቁጥሩ ብቻውን ሲነገር ልክ ነው፤ ነገር ግን «ሰርቲን ኮንቴይነርስ» እንደሚባለው ስም ሲከተለው፣ አፋቸውን በቋንቋው የፈቱት ራሳቸው አጽንዖቱን ወደ ፊት ስለሚያመጡት ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ። ስለዚህ ተማሪው 13 ሲል የመጨረሻውን አናባቢ እንዲያስረዝምና «ን»ዋን አጥርቶ እንዲያሰማ፣ ቀጥሎም ቁጥሩን በየአኃዙ «ዋን፣ ስሪ» ብሎ እንዲደግመው አስለምዱት። አብራሪዎችም በሬዲዮ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን የሬዲዮ ንግግር ሥርዓት 3 የሚነበበው «ትሪ»፣ ሺህ ደግሞ «ታውዛንድ» ተብሎ መሆኑን ሳውቅ ለብቻዬ ስቄያለሁ፤ እኔ አሥር ዓመት ሙሉ ስህተት ነው ብዬ ያረምኩትን እነሱ ደንብ አድርገውታል።

እንግሊዛዊቷ የቋንቋ ምሁር ጄኒፈር ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ሥራም ወደዚሁ ያመራል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም ባዕድ የሆነባቸው ተነጋጋሪዎች የት የት ላይ እንደማይግባቡ ሲመረምሩ፣ «ስሪ»ን «ትሪ» ማለት እምብዛም እንደማያደናግር፣ የአናባቢ ርዝመትና በዓረፍተ ነገር ውስጥ ዋናው ቃል ጎልቶ መውጣቱ ግን ወሳኝ እንደሆኑ አሳይተዋል። የእኛ ቡና ነጋዴዎች በብዛት የሚነጋገሩት ከጀርመኑ፣ ከሳዑዲውና ከጃፓኑ ገዢ ጋር ስለሆነ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተናል። «ስቶክ»ን «እስቶክ» ያለውን ተማሪም በዚህ ምክንያት እለፉት፤ ከተነባቢዎቹ አንዱን የጣለውን ግን አስቁሙት፤ መጨመር መጣልን ያህል አይጎዳምና።

የአጽንዖትን ነገር ለማስረዳት ከአማርኛችን የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። «ገና» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፉና አስነብቧቸው፤ ሲላላ እስካሁን አለመሆንን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል፤ ፊደሉ ግን ያው አንድ ነው። ከዚያ ቀጥሎ «ኤክስፖርት» የሚለውን ጻፉና፣ ስም ሲሆን መጀመሪያው፣ ግስ ሲሆን መጨረሻው እንደሚጎላ፣ እንግሊዝኛም ይህን እንደማይጽፈው አሳዩአቸው። በጠረጴዛ ላይ ጣት እየመቱ ሃያ ጊዜ ከመደጋገም ይልቅ ይህ አምስት ደቂቃ የበለጠ ሠርቶልኛል። የእንግሊዝኛውን ቃል በግዕዝ ፊደል የሚጽፉትንም አትቆጡ፤ ፊደሉ አጽንዖቱን ስለማያሳይ ብቻ፣ የሚጎላው ክፍለ ቃል ላይ ነጥብ ያኑሩበት።

«ፕ»ን በሚመለከት አንድ ወረቀት ይበቃችኋል። ተማሪው ወረቀቱን ከከንፈሩ ፊት ይዞ «ፔይ» ሲል ካልተርገበገበ፣ ሰሚው የሚሰማው «ቤይ» ሊሆን ይችላል።

በስልክ ንግግር ላይ ደግሞ ማንም መጽሐፍ የማይነግራችሁ ነገር አለ። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ልማዱን የማያውቅ ባዕድ በስልክ ሲሰማው የደነገጥን ወይም ያመመን ይመስለዋል፤ ዋጋውን በነገረን ቅጽበት ከሆነ ደግሞ ተወደደባቸው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ተማሪዎቻችሁ «የስ» የሚለውን ቃል በድምፅ እንዲያወጡት አስለምዷቸው።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በምን እንደምትጀምሩ ለምትጠይቁኝ፣ በስማቸው ጀምሩ እላለሁ። ከምንናገራቸው ቃላት ሁሉ አቻኩለን የምንጠራው ስማችንን ነው፤ ለባዕድ ሰሚ ግን ከንግግሩ ሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በራሱና በአባቱ ስም መካከል ትንሽ ቆም እያለ ስሙን በስልኩ ይቅዳና በቴሌግራም ይላክላችሁ። እናንተም አቆዩት፤ ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ እንደገና አስቀድታችሁ ሁለቱን አከታትላችሁ አሰሙት።