የእናቴ የማስታወስ ምርመራ ውጤት ዝቅ ያለው በቃላቱ ምክንያት ይሆን?

ጥያቄ፦ እናቴ 70 ዓመታቸው ነው፤ ገጠር ያደጉ ናቸው፣ ፊደል አልቆጠሩም። በማስታወስ ምርመራ ላይ 15 ቃላት 5 ጊዜ ከተነበቡላቸው በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ሲጠየቁ 4ቱን ብቻ ተናገሩ። «ገሚሱን ሰምቼውም አላውቅ» ይላሉ። ውጤቱን ልመነው?

መልስ፦ የእናትዎ ቅሬታ እንደ ሰበብ የሚታለፍ አይደለም። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ትርጉም አልባ ድምፆችን የተጠቀመው፣ ከቃላት ጋር ያለን የቆየ ትውውቅ ውጤቱን እንዳያዛባበት ብሎ ነበር። እንደ ውሃና በግ ያሉ ከአፍ የማይጠፉ ቃላት እርስ በርስ ስለሚጠራሩ ያለ ፍንጭ አስታውሰው ይናገሩ ሲባል ቶሎ ይመጣሉ፤ ባሕር አይቶ ለማያውቅ ሰው ግን «መልሕቅ» የሚለውን ድምፅ ይዞ ማቆየቱ ራሱ ድካም ነው።

ነገሩ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም። «ይህ ቃል ከተነበበልዎ ውስጥ ነበረ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ በተሻለ የሚለየው ትርጉሙ ታውቆ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሰማው፣ ለምሳሌ «ዘውድ»፣ ነው። «ውሃ»ን በየሰዓቱ ስለምንሰማው ከዝርዝሩ ይሁን ከሌላ ቦታ መስማታችንን መለየት ያስቸግራል።

ስለዚህ ሐኪማቸውን ሁለት ነገር ይጠይቁልኝ። የመጀመሪያው፣ በአምስተኛው ንባብ ስንት ቃል ይዘው እንደነበር ነው፤ 5 ይዘው 4 ካስታወሱ የያዙት አልጠፋም፣ 11 ይዘው 4 ከቀረ ግን የሚያሳስበው መርሳቱ ነው። ሁለተኛው፣ ቃላቱ ከሌሎች ጋር ተቀላቅለው ሲቀርቡላቸው መለየት ችለው እንደሆነ ነው፤ በአልዛይመር ሕመም ብዙውን ጊዜ ይህም ይዳከማል፣ ያልተነበበውንም «ነበረ» ማለት ይበዛል። ውጤቱ መመዘን ያለበት በዕድሜና በትምህርት ከሚመስሏቸው ሰዎች ጋር ነው፤ ምርመራው አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ ካልሆነ፣ እኔ ብሆን ቁጥሩን ለውሳኔ አልጠቀምበትም።

ይሁንና የለመዱት መንገድ የሚጠፋባቸው ወይም አንዱን ጥያቄ ደጋግመው የሚጠይቁ ከሆነ፣ ቃላቱን ብቻ ተጠያቂ አድርገው እንዳይዘናጉ፤ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ፣ የድባቴ ግምገማ፣ የሚወስዷቸውም መድኃኒቶች ፍተሻ ያስፈልጋቸዋል። ምርመራው ከመደገሙ በፊት ጆሯቸው ይታይ፤ መስማት የደከመ ሰው የተለመደውን ቃል በግምት ሊሞላው ይችላል፣ ያልለመደው ግን ገና ሲነበብ ያመልጠዋል።