«ከ1 ፐርሰንት አላሳልፍም» ያለውን ዕጩ ምን ብለን እንጠይቀው? (የአንባቢ ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ የንብረት ታክስ ሆኗል። ምርጫ ሲነሳ ደሞ «ጣሪያ አበጅለታለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም፣ ስለዚ ጥቂቶቹን መርጬ እነሆ፣ አንዳንዶቹን አሳጥሬያቸዋለሁ ቅር እንዳትሰኙ።

«ሰፈራችን ማራኪ የመጣ ዕጩ ከተመረጥኩ የንብረት ታክሱ ከ1 ፐርሰንት እንዳያልፍ አደርጋለሁ አለን፣ ሰዉም አጨበጨበ። ልመነው?»

እመኚው እህትዓለም፣ ሳይመረጥም ተፈጽሞለታል እኮ! ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ራሱ ጣሪያ አለው። ለቦታው ከ0.2 እስከ 1 ፐርሰንት፣ ለቤቱ ደሞ ከ0.1 እስከ 1 ፐርሰንት፣ ያውም ከሙሉው የገበያ ዋጋ ሳይሆን ከ25 ፐርሰንቱ ላይ ነው የሚሰላው። እስቲ ለምሳሌ ቦታሽ 1.5 ሚሊዮን ቤትሽ 2.5 ሚሊዮን ብር ተገመተ እንበል፣ ታክስ የሚታሰበው በ375 ሺህ እና በ625 ሺህ ላይ ነው ማለት ነው። በትንሹ ማስከፈያ 750 እና 625፣ ድምሩ በዓመት 1,375 ብር። በትልቁ ደሞ 10,000 ብር። ያ ዕጩ «ከ1 አላሳልፍም» ሲልሽ እንግዲህ አስር ሺውን ቃል እየገባልሽ ነው፣ ሰዉ ያጨበጨበው ለሱ ነው።

ፐርሰንቱ ደሞ ግማሹ ነገር ነው። ሌላው ግማሽ ግምቱ ነው፣ ቤትሽ ስንት ያወጣል ብሎ የሚጽፈው ማነው፣ በየስንት ዓመቱ ይከልሰዋል። የኪሎው ዋጋ ተቆርጦ ሚዛኑ ግን በሻጩ እጅ ከሆነ ምኑን ተቆረጠ? ፐርሰንቱን ጫፉን ሳይነኩ ግምቱን እጥፍ ቢያደርጉት ታክስሽ እጥፍ ነው። ስለዚ ሲመለስ ሁለት ነገር ጠይቂው፣ ከ1,375 እና ከ10,000 መሃል የትኛው ጋ ነህ፣ ግምቱ ሲከለስስ በአንዴ ስንት እንዲዘል ትፈቅዳለህ። ሁለተኛው ላይ ከተንተባተበ ጭብጨባሽን መልሺ።

«ለፓርላማ የሚወዳደረው ነው ወይስ ለክልል የሚወዳደረው ነው ይሄን ታክስ የሚወስነው? የከተማው ምክር ቤትስ?»

ወሳኙ ክልሉ ነው። በ2015 የፌዴሬሽንና የተወካዮች ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው የንብረት ታክስን ስልጣን ለክልሎች ሰጥተዋል፣ የፌዴራሉ አዋጅ ማዕቀፍ ነው፣ በዚያ ማዕቀፍ ውስጥ ማስከፈያውን የት ላይ እንደሚያደርገው የሚወስነው የክልሉ ሕግ ነው። ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው ጎንደር መጥቶ «የናንተን እቀንሳለሁ» ካለ ማዕቀፉን እቀይራለሁ ማለቱ መሆን አለበት፣ እሱ ካልሆነ የማያዝበትን ነው የሚያወራው። የክልል ምክር ቤት ዕጩውን ነው አጥብቆ መያዝ።

የከተማው ምክር ቤት ብለህ የጠየቅከው ግን ሆዴን አባባው። ታክሱን ሰብስቦ በጀት አድርጎ የሚያውለው ከተማው ነው፣ የአካባቢ ምርጫ የሚባለው ግን አዲስ አበባና ድሬዳዋ በ2013 ከመረጡት ውጪ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው። ጣሪያ ይበጅ አይበጅ የሚለው ክርክር መካሄድ የነበረበት እዚያ ምክር ቤት ውስጥ ነበር፣ ሂሳቡን የሚያወጣው ሰው ራሱ መራጩ ፊት ቆሞ። ዕጩዎች ስለ ታክስ ከማውራታቸው በፊት የከተማና የቀበሌ ምርጫ መቼ ይደረግ ይላሉ ብላችሁ ብትጠይቁ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

«ጡረተኛ ነኝ፣ ቤቴ ከግንቡ ብዙ አይርቅም፣ ከአባቴ የወረስኩት ነው። ቦታው ውድ ነው ይሉኛል፣ እኔ ግን የምሸጠው ነገር የለኝም።»

ጋሼ፣ ከደረሱኝ ሁሉ ከባዱ የእርስዎ ነው። እስከዛሬ ሲከፍሉት የኖሩት የቦታ ኪራይና የቤት ግብር የ1968ቱ አዋጅ ነው፣ የቤቱም በዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ የተመሠረተ ስለሆነና ግምቱም ሳይነካ ስለቆየ ብዙም አይሰማም ነበር። አሁን በገበያ ዋጋ ሲሆን ግን ሰፈሩ ባማረ ቁጥር፣ ኮሪደሩ በተሠራ ቁጥር፣ ቱሪስት በመጣ ቁጥር የእርስዎ ግምት ይወጣል፣ ጡረታዎ ግን ባለበት ነው። በወረቀት ሚሊየነር፣ በኪስ ጡረተኛ።

ለእንዲህ ዓይነቱ የፐርሰንት ጣሪያ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ማዘግየት ነው፣ ታክሱ እየተመዘገበ ይቆይና ቤቱ ሲሸጥ ይከፈላል። ካናዳ ብሪትሽ ኮሎምቢያ ውስጥ 55 ዓመት የሞላው ሰው በሚኖርበት ቤት ይሄን ማድረግ ይችላል። ዕጩዎቹን «ለጡረተኛ ምን አስበሃል» ብለው በደፈናው አይጠይቁ፣ አዛኝ መልስ ነው የሚሰጡዎት። «ማዘግየት የሚባል ነገር በክልሉ ሕግ እንዲገባ ትከራከራለህ ወይ» ይበሉት፣ አዎ ወይ አይ ነው መልሱ።

«ካሊፎርኒያ ነኝ፣ እዚህ በሕዝብ ድምፅ ጣሪያ ተደርጎ ቀረ። ጎንደርም እንደዛ ለምን አይሆንም?»

ወንድምዓለም የምትለው ፕሮፖዚሽን 13 ነው፣ በፈረንጆች 1978። ታክሱ ከ1 ፐርሰንት አያልፍም፣ ግምቱም ቤቱ እስኪሸጥ በዓመት ከ2 ፐርሰንት በላይ አይጨምርም። አየህ፣ እነሱ ግምቱንም ነው ያሰሩት፣ ጉልበቱ እዚያ ላይ ነው። ግን የዞረውም አለ፣ ከንብረት ታክስ የሚገባው ገንዘብ ከግማሽ በላይ ወረደ፣ የትምህርት ቤቶች ወጪም ወደ ስቴቱ መንግስት ዞረ፣ እና ጎን ለጎን ያሉ አንድ ዓይነት ቤቶች አንዱ የድሮ ባለቤት አንዱ አዲስ ገዢ ስለሆነ ብቻ በጣም የተለያየ ይከፍላሉ።

እኛ ጋ ደሞ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 ፐርሰንት በላይ ነበር፣ 2 ፐርሰንት ጣሪያ ብናደርግ በጥቂት ዓመት ታክሱ የደረሰኙን ወረቀት ዋጋ አይሸፍንም። ለኔ የሚመስለኝ ዓመታዊ ጭማሪው ከመንግስት ሠራተኛ ደሞዝ ጭማሪ እንዳያልፍ ማሰር ነው፣ ደሞዝ ካልጨመረ አይጨምርም። የሚቃወም ካለ ይጻፍልኝ።

«ቀበሌ ቤት ነው የምኖረው። ይመለከተኛል?»

ታክሱ የቤቱ ባለቤት ወይም የቦታው ባለይዞታ ላይ ነው፣ አንተ ተከራይ ነህ። የግል ቤት ተከራይ ከሆናችሁ ግን አከራዩ ወደናንተ ሊያዞረው እንደሚሞክር ጥርጥር የለኝም፣ ውላችሁን በጽሑፍ ያዙ።

«ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የምናየው። ለምኑ ነው የምንከፍለው?»

እውነት ነው። ከተማውን የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል ከተሞላ ቆየ፣ የመገጭ ግድብም ሥራው ስንት ዓመት ፈጅቷል። ግን ጣሪያ ጣሪያ ስንል ይሄንንም እናስብ፣ ከተማው የራሱ ገቢ ከሌለው ለቧንቧም ለመንገድም የባህር ዳርና የአዲስ አበባን እጅ እያየ ይኖራል። እኔ ታክሱን ሙሉ በሙሉ አስቀራለሁ የሚል ዕጩ ካጋጠመኝ ገንዘቡን ከየት ታመጣለህ ብዬ ነው የምጀምረው። ከፍለን ውሃ ካላየን ደሞ የሰበሰበው ወዴት ሄደ ብሎ የመጠየቅ መብት አለን፣ በየዓመቱ ከንብረት ታክስ ይሄን ያህል ሰበሰብኩ፣ በዚህ ቀበሌ ይሄን ሠራሁ ብሎ ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ለዚህ ቃል የሚገባ ዕጩ ያገኘ ሰው ካለ ስሙን ሳይሆን ያለውን ቃል በቃል ጽፎ ይላክልኝ፣ ሌላ ጊዜ እናየዋለን።

«ግምቱ በዛብኝ ብዬ ቅሬታ ላቀርብ ነው፣ ምን ይዤ ልሂድ?»

ቅሬታ ስታቀርብ ባዶ እጅህን አትሂድ። ካርታህን፣ የግንባታ ፈቃድህን፣ የድሮ የግብር ደረሰኞችህን ኮፒ አድርግ፣ ሰፈርህ ውስጥ በቅርቡ የተሸጠ ተመሳሳይ ቤት ካለም በስንት እንደተሸጠ አጣራ። ማመልከቻህ ላይ ቀኑን አስመትተህ ቅጂ ያዝ።