ስለ ጣሊያን ማዮሊካ ሰሃን ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ሌላውም ሰው እንዲከታተል ጥያቄሽን አሳጥሬ ልድገመው። በነሐሴ ከሜሪላንድ ወደ ጣሊያን ትሄጃለሽ። በእጅ የተሳለ ማዮሊካ ሰሃን ለቤትሽ ለስድስት ሰው፣ አዲስ አበባ ለምታገባው የእህትሽ ልጅ ደግሞ ስጦታ መግዛት ፈልገሻል። መርዛማው ብረት እርሳስ አለበት ወይ፣ እውነተኛው በምን ይለያል፣ ማይክሮዌቭና ማጠቢያ ማሽን ይችላል ወይ፣ ወጥና እንጀራስ ይቀርብበታል ወይ፣ የትስ ልግዛ ብለሻል።

መልሱ ሁሉ የሚመጣው ዕቃው ከምን እንደተሠራ ከማወቅ ነው። ማዮሊካ ፖርስሊን አይደለም፣ ሸክላ ነው። ጭቃው መጀመሪያ 1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይተኮሳል። ከእቶን የሚወጣው ውሃ የሚመጥ ሸክላ ነው። ከዚያ ቲን ኦክሳይድ ያለበት የብርጭቆ ዱቄት በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይነከራል። ሽፋኑን ድፍን ነጭ የሚያደርገው ቲኑ ነው። ሸክላው ውሃውን ወዲያው ሲመጠው ዱቄቱ ላዩ ላይ ደርቆ ይቀራል። ሥዕሉ የሚሳለው በዚህ ገና ባልተተኮሰ ዱቄት ላይ ነው። ብሩሹ እንደነካው ቀለሙ ስለሚመጠጥ የተሳሳተ መስመር ተፍቆ አይታረምም። ንድፉን ለማሳረፍ በመርፌ የተበሳሳ ወረቀት ይዘረጉና የከሰል ዱቄት በተቋጠረበት ጨርቅ መታ መታ ያደርጉታል፤ ከሰሉ በኋላ እቶን ውስጥ ተቃጥሎ ይጠፋል። ሰማያዊው ከኮባልት፣ አረንጓዴው ከመዳብ፣ ወይን ጠጅና ቡኒው ከማንጋኒዝ፣ ዝገትማው ብርቱካን ከብረት ይገኛል። ሁለተኛው ተኩስ ከ920 እስከ 950 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ቀለምና ሽፋን አብረው ቀልጠው አንድ ይሆናሉ።

ጠንካራ ፖርስሊን ግን ከ1,300 ዲግሪ በላይ ስለሚተኮስ ውስጡ ራሱ ብርጭቆ ይሆናል። ማዮሊካ ውስጡ ሁሌም ሸክላ ነው፣ የሚጠብቀው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ ልታዪው ትችያለሽ። ሰሃኑን ገልብጪና ሽፋን ያልነካው የእግሩ ቀለበት ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አኑሪ፤ ወዲያው ይመጠዋል። በማሽን ሲታጠብ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ምግቡ ሳይሞቅ ሰሃኑ የሚፋጀውም በዚያ በገባው ውሃ ነው።

ወደ እርሳሱ ልምጣ፣ ዋናው እሱ ስለሆነ። በጥንቱ አሠራር ሽፋኑን የሚያቀልጠው እርሳስ ነበር፤ የጥንቱ ቢጫ ቀለምም የእርሳስና የአንቲሞኒ ውህድ ነው። ስለዚህ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የምታገኚው ማዮሊካ የቱንም ያህል ቢያምር ለግድግዳ ነው፣ አይበላበትም። ዛሬ ለገበታ የሚሠሩ ብዙ ቤቶች በቦሮን ላይ የተመሠረተ እርሳስ አልባ ሽፋን ይጠቀማሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። በአውሮፓ መመሪያ 84/500 መሠረት ዕቃው 4 በመቶ አሴቲክ አሲድ ውስጥ በ22 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ይቆይና የለቀቀው ይለካል። አሲዱ ከቤታችን አቼቶ ብዙም አይርቅም። ጥልቀቱ ከ25 ሚሊሜትር ለማይበልጥ ዝርግ ሰሃን ጣሪያው በካሬ ዴሲሜትር 0.8 ሚሊግራም እርሳስና 0.07 ሚሊግራም ካድሚየም (እሱም መርዛማ ብረት ነው) ነው። ለጎድጓዳው በሊትር 4 ሚሊግራም እርሳስና 0.3 ሚሊግራም ካድሚየም ነው።

አሜሪካ ለምትኖሪው ለአንቺ ይህ ብቻ አይበቃም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የእርሳስ ገደብ በሊትር ሲሰላ ለዝርግ ሰሃን 3 ሚሊግራም፣ ለትንሽ ጎድጓዳ 2፣ ለትልቅ ጎድጓዳ 1፣ ለኩባያና ለማንቆርቆሪያ 0.5 ነው። አውሮፓ ውስጥ ሕጋዊ የሆነ ሳህንም ሆነ ጆግ እዚያ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። ካሊፎርኒያ ያለ ማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እንዲሸጥ የምትፈቅደው ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰውን ነው፤ ለዝርግ 0.226፣ ለጎድጓዳ 0.1። ስለዚህ ባለሱቁን «ለምግብ ይሆናል?» ብለሽ ብቻ አትለፊው። ወደ አሜሪካ ይልክ እንደሆነና የፈተና ወረቀት እንዳለው ጠይቂ። «ሴንሳ ፒዮምቦ» ማለት እርሳስ የለበትም፣ «ፐር አሊሜንቲ» ለምግብ የሚሆን ነው። የብርጭቆና የሹካ ምልክትም ለምግብ መፈቀዱን ያሳያል። «ሶሎ ዴኮራቲቮ» ካየሽ ለጌጥ ብቻ ነው። ከጀርባው እግሩ ላይ ለሽቦ የተበሱ ሁለት ቀዳዳዎች ካሉ ለመስቀያ ናቸው። በእነሱ ብቻ ለምግብ አይሆንም አይባልም፤ ሆኖም መጠየቅ ግድ ነው። ደማቅ ቀይ ካየሽ ደግሞ ስለ ካድሚየም ጠይቂ፤ በጥንቱ የማዮሊካ ቀለሞች ውስጥ እንዲህ ያለ ቀይ የለም፣ የዛሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከካድሚየም ነው። ቤት ውስጥ በጥጥ እያሻሹ የሚሞክሩበት የእርሳስ መመርመሪያ አያስተማምንም፣ ገንዘብሽን አታውጪበት።

እውነተኛውን ለመለየት ስድስቱን ሰሃን ጎን ለጎን ደርድሪ። አንዷ አበባ በስድስቱም ላይ እስከ ቅጠሏ ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነች ታትማለች። የእጅ ሥራ ይለያያል፤ መስመሩ ወፍሮ ጀምሮ ቀጥኖ ያልቃል፣ ብሩሹ ሁለቴ ያለፈበት ይጠቁራል። በስልክሽ ካሜራ አጉልተሽ እይው። ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከታዩሽ የማተሚያ ሥራ ነው። የሚያታልለው መሃል ላይ ያለው ዓይነት ነው፤ የዳር መስመሩ ታትሞ ቀለሙ ብቻ በእጅ ይሞላና «በእጅ የተሳለ» ተብሎ ይሸጣል። ቀለሙ ሁሉ እየተለያየ ጥቁሩ መስመር ብቻ በሁሉም ላይ ፍጹም አንድ ከሆነ እሱ ነው። ጀርባው ላይ «ዲፒንቶ አ ማኖ» የሚለው፣ የከተማው ስምና የሠዓሊው ፊደል በብሩሽ ቢጻፍ ጥሩ ነው። ሦስት ጥቃቅን ጠባሳ ካየሽ አትደንግጪ፤ እቶን ውስጥ የተቀመጠበት ባለ ሦስት ጫፍ ድጋፍ ምልክት ነው። ጣሊያን በ1990 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 188 ለባህላዊ ሸክላ ከተሞቿ ጥበቃ ስለሰጠች በዚያ የተመዘገቡ ሠሪዎች የራሳቸው ማኅተም አላቸው።

አንድ አንዱን በጣትሽ አንኳኪ። እንደ ፖርስሊን ባያቃጭልም ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ከጓደኞቹ ተለይቶ የታፈነ ድምፅ የሚሰጠው የማይታይ ስንጥቅ አለበት። ጠረጴዛ ላይ አኑረሽ ጠርዙን ጫን በይው፤ ጥቂት ቢወዛወዝ የእጅ ሥራ ነው፣ ቢላ ስታሳርፊበት የሚንገዳገደውን ግን ተዪው። ጀርባው ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ ምንም አይደለችም። ምግብ የሚያርፍበት ፊት ላይ ካለች አትውሰጂው፣ ቅባት ይገባባታል። ወደ ብርሃን አዘንብለሽም እይው፤ ሽፋኑ ላይ መረብ የሠሩ ቀጫጭን ስንጥቆች ካሉ ለወጥ አይሆንም። ሽፋኑና ሸክላው ሲቀዘቅዙ እኩል ካልተሰበሰቡ፣ ወይም ሸክላው ከዓመታት በኋላ እርጥበት ጠጥቶ ካበጠ፣ ሽፋኑ ይተረተራል። የበርበሬው ቀይ ዘይት በዚያ ገብቶ ሸክላው ውስጥ ይቀመጣል፣ ይሸታልም። በረኪና አይረዳም፤ ሸክላው ውስጥ ሰርጎ ሲደርቅ ሽፋኑን ከሥር ያነሳዋል። እንዲህ የሆነ ሰሃን ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

የት ልግዛ ላልሽው ሮም ካረፍሽ ከፔሩጂያ በታች ያለችው ዴሩታ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ናት። መንገዱ ሁሉ ሱቅና የሸክላ መሥሪያ ነው። ዘንዶ ያለበት ራፋኤሌስኮ የሚባለው ቢጫና ሰማያዊ ንድፍ የዚያ ነው። ፋኤንዛ በቦሎኛ በኩል ናት፤ ጋሮፋኖ የሚሉት የአበባ ንድፍና ትልቁ የሸክላ ሙዚየም እዚያ ነው። አማልፊ ዳርቻ ከሄድሽ ቪዬትሪ ሱል ማሬ ሎሚ፣ ዓሣና አህያ እየሳሉ ብሩሹን ለቀቅ አድርገው ይሠራሉ። ለየቀኑ እኔ የምመርጠው የቪዬትሪን ዓይነት ወይም መሃሉ ነጭ ሆኖ ጠርዙ ብቻ የተሳለውን ነው። ሙሉ ለሙሉ በሥዕል የተሸፈነ ሰሃን ወጥ ሲፈስበት ሥዕሉም ወጡም አይታይም፤ ቀይ ወጥ የሚያምረው ነጭ መሃልና ሰማያዊ ጠርዝ ላይ ነው። ኦገስት 15 አካባቢ ጣሊያን በዓል ላይ ስለሆነች ብዙ የሸክላ መሥሪያ ይዘጋል፣ ቀንሽን ከዚያ አርቂ።

ሙሉ ሰርቪስ አትግዢ። ለስድስት ሰው ከ27 እስከ 28 ሴንቲ ስፋት ያለው ሰባት ዝርግ ሰሃን፣ 23 ሴንቲ አካባቢ የሆነ ሰባት የሾርባ ሰሃን፣ አንድ ትልቅ ማቅረቢያ ይበቃል። ሰባተኛው መጠባበቂያ ነው። የነጩ ቃና ከተኩስ ተኩስ ስለሚለያይ በኋላ ልክ የሚመሳሰል አታገኚም። ለእንጀራ ትሪ ይሆናል ብለሽ ማቅረቢያ የምትገዢ ከሆነ 40 ሴንቲውም ሙሉ እንጀራ አይዘረጋም፣ አጥፈሽ ነው የምታቀርቢው። የእንጀራው ኮምጣጣነት ለገበታ ያህል ምንም አያደርግም። እንጀራም፣ የሎሚ ሰላጣም፣ የቲማቲም ቁሌትም እንደያዘ ግን ፍሪጅ ውስጥ አታሳድሪው።

የቡና ሲኒ ግን አልመክርሽም። አቦል ተጠጥቶ ሲኒው በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቅና ወዲያው የፈላ ቶና ይቀዳበታል። ማዮሊካ የሚጠላው ይህንኑ ነው፤ ሽፋኑ ይተረተራል፣ ስስ ከንፈሩ ይሸረፋል፣ ሽርፉም ቀላ ብሎ ከሩቅ ይታያል። ሲኒ የፖርስሊን ይሁን።

አያያዙ ከባድ አይደለም። ኦቨንና ምድጃ ላይ በፍጹም አይወጣም። በብርድ ቁምሳጥን ውስጥ ያደረ ሰሃን ላይ የሚንተከተክ ሽሮ አታፍሺ፤ መጀመሪያ በሙቅ የቧንቧ ውሃ ለቅለቅ አድርጊው። በእጅ፣ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ስፖንጅ ይታጠባል። ሲንኩ ውስጥ ከታች ፎጣ አንጥፊ፤ አብዛኛው ሽርፍ የሚመጣው ከቧንቧውና ከሲንኩ ነው። ሠሪው ማሽን ይችላል ካለሽም በዝቅተኛ ሙቀት፣ ሰሃኖቹ ሳይነካኩ አድርጊው፤ ሆኖም የማሽኑ ሳሙና ከጊዜ ጋር አንጸባራቂነቱን ያደበዝዘዋል። ወርቅ የተቀባበት ማይክሮዌቭም ማሽንም አይገባም። ታጥቦ ወዲያው አይደራረብም፤ መደርደሪያ ላይ በጠርዙ ቆሞ ይደር፣ እግሩ ጠጥቷልና። ስትደራርቢ በየመሃሉ ጨርቅ ወይም ወፍራም ወረቀት ይግባ፤ ያልተሸፈነው የላይኛው እግር የታችኛውን ፊት ይፍቃል። ሹካና ቢላ የሚተዉት ግራጫ ጭረት በውሃ በተለወሰ ቢካርቦኔት ሲታሽ ይለቃል። የተሰበረ በሙጫ ቢገጠምም አይበላበትም።

ለሙሽራዋ አንድ ትልቅ ዕቃ እመርጣለሁ፤ 35 ሴንቲ ያህል የሆነ የፍራፍሬ ሳህን ወይም ማቅረቢያ። ከሰርቪስ አንዱ ቢሰበር አዲስ አበባ ምትክ አይገኝም፣ ብቻውን የቆመ ዕቃ ይህ ችግር የለበትም። ስማቸውንና የሠርጉን ቀን እንዲጽፉልሽ የምትፈልጊ ከሆነ አስቀድመሽ እዘዢ። ስሙ የሚጻፈው ከሁለተኛው ተኩስ በፊት ስለሆነ እዚያው ቆመሽ የምትወስጂው ነገር አይደለም። በአማርኛ ይጻፍ ካልሽ ፊደሉን በሚፈለገው መጠን በወረቀት አትመሽ ላኪላቸው፤ እነሱ በመርፌ በስተው ያሳርፉታል።

አንድ ትልቅ ዝርግ ሰሃን ከ800 ግራም እስከ 1 ኪሎ ስለሚመዝን የአንቺ ዐሥራ አራቱ ብቻ ከ10 ኪሎ በላይ ነው። የ23 ኪሎ ሻንጣሽን በዚህ አስቢው። እያንዳንዱን ለየብቻ በአረፋ ፕላስቲክ ጠቅልለሽ በጠርዙ አቁሚው፤ ተኝቶ የተደራረበ ሰሃን ሻንጣው ሲወረወር ከታች ያለው ይሰነጠቃል። ካርቶኑ በሌላ ካርቶን ውስጥ ይግባ፣ መሃሉ በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ያህል ሙሌት ይኑረው። ዘግተሽ ስትነቀንቂው ድምፅ ካለው ክፈቺና ሙዪው። የሙሽራዋ ከእጅሽ አይለይ። ነዋሪነትሽ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ስለሆነ ከአንድ ሱቅ በአንድ ደረሰኝ ከ70 ዩሮ በላይ ስትገዢ የታክስ ተመላሽ ወረቀት ጠይቂ። ሻንጣው ከመመዘኑ በፊት ጉምሩክ ዕቃውን ማየት ስለሚችል አሽገሽ አትጨርሺ፣ አውሮፕላን ማረፊያም ቀደም ብለሽ ድረሺ።