ማክ አልጽፍበትም ያለው ሀርድ ዲስክ

ጠያቂው ድሬዳዋ ሳቢያን የሚኖር የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። በዊንዶውስ ላፕቶፑ የሞላውን ባለ 2 ቴራባይት ኤክስተርናል ለኤዲተሩ ሰጠው። ኤዲተሩ ማክ ላይ ሲሰካው ፋይሎቹ ሁሉ ይታያሉ፤ የሠራውን መልሶ ላስቀምጥበት ሲል ግን እምቢ አለው። «ዲስኩ ተበላሽቶ ነው? ኡቡንቱ የሚጠቀመው ጓደኛዬስ ሊከፍተው ይችላል?» ይላል።

አልተበላሸም አቦ! ፎርማት የተደረገው በኤንቲኤፍኤስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ዲስክ ላይ ፋይሎችን በሚያደራጅበት ዘዴ፣ ስለሆነ ነው። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ለሦስቱም የሚሆነው ኤክስፋት የሚባለው ሌላ የፎርማት ዓይነት ነው። የኡቡንቱ መሠረት የሆነው ሊኑክስም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ፣ ከከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 5.4 ወዲህ፣ በውስጡ ይዞታል። የጓደኛህ ኡቡንቱ አሮጌ ካልሆነ ችግር የለም።

«ፋት 32 አድርገው» እያለ የቆየውን የፎርማት ዓይነት የሚመክርህ አይጠፋም። ለአንተ ሥራ አይሆንም። አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ ይህን 6 ደቂቃ ሳይሞላ ያልፈዋል። ሙሽራዋ ገና ከመኪና ሳትወርድ ማለት ነው።

ፎርማት ሁሉንም ስለሚያጠፋ መጀመሪያ ያለህን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ጥቂቶቹን ቪዲዮዎች ከፍተህ እስከ መጨረሻቸው መጫወታቸውን እይ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ዲስኩን በቀኝ ክሊክ ነክተህ ፎርማት በል፣ ኤክስፋትን ምረጥ፣ ሌላውን እንዳለ ተወው። ስታርት ከማለትህ በፊት የዲስኩን መጠን አስተውል፤ የተሳሳተውን የሚያጠፋ ብዙ ነው። ዲስኩን ከሰው እጅ ከገዛኸው «ኩዊክ ፎርማት» ላይ ያለውን ምልክት አንሳ። ሰዓታት ይፈጃል፣ ግን የሞተ ቦታ ካለው ያኔ ይታወቃል።

አሁን ወደ ኤክስፋት ድክመት። ኤንቲኤፍኤስ ሊቀይር ያሰበውን አስቀድሞ በመዝገብ ይይዛል፤ መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ መዝገቡን አይቶ ማውጫውን (የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያሳየውን ዝርዝር) ያስተካክላል። ኤክስፋት ይህ መዝገብ የለውም። ኮፒ እያደረግህ መብራት ቢሄድ ወይም ገመዱ ቢነቀል፣ ማውጫው ሊዛባና ሙሉ ፎልደር ሊሰወርብህ ይችላል። ስለዚህ ኮፒ የምታደርገው ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) አትሞክረው። ሁልጊዜም «ኢጀክት» ብለህ ንቀል። ሳይባል የተነቀለ ዲስክ በኋላ ማክ ላይ ሲሰካ ቶሎ ላይመጣ ይችላል፤ ማክ ከጀርባ እየመረመረው ስለሚሆን ታገሥ፣ ደግመህ አትንቀለው።

ኤክስፋት ማመላለሻ ይሁንህ እንጂ ብቸኛው ማስቀመጫ አይሁን። ዋናውን ቅጂ በኤንቲኤፍኤስ ዲስክ ላይ እቤት አኑር።

ደንበኛ በቴሌቪዥን ልይ ካለህ ደግሞ፣ ብዙ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ኤክስፋትን አያውቁም። ለዚያ ቪዲዮውን ከ4 ጊጋባይት በታች አድርገህ ፋት 32 በሆነ ፍላሽ ስጥ።