ሰርተፊኬቱ በማን ስም ነው?

ጥያቄ፦ ማኅበራችን ኦርጋኒክ ቡና ያመርታል። የኦርጋኒክነቱን ሰርተፊኬት ያወጣልን የምናስረክበው ላኪ ነው። ሌላ ገዢ የተሻለ ዋጋ ሲያመጣ ላኪው «ለእሱ ከሸጣችሁ ቡናው ተራ ቡና ነው» አለን። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አዎ፣ እውነቱን ነው። ሰርተፊኬት የሚሰጠው ላመለከተውና ለኦዲቱ ለከፈለው አካል ነው፤ ገበሬው በስም ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል እንጂ ባለቤት አይሆንም። «በነጻ አወጣንላችሁ» ሲባል የተከፈለው ዋጋ ይኸው ነው፤ አምራቹ አንድ ገዢ ብቻ ይዞ ይቀራል፣ ድርድሩም እዚያው ያልቃል።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2018/848 ይህን ለመለወጥ የተጻፈ ክፍል አለው። በቡድን የሚመሰከርላቸው ገበሬዎች የራሳቸው ሕጋዊ ሰውነት ያለው ማኅበር፣ የውስጥ ቁጥጥርና የጋራ ሽያጭ ሊኖራቸው ይገባል፤ የአባላት ቁጥርም ከ2,000 መብለጥ የለበትም። ሆኖም ማኅበሩ ተመዝግቦ ፋይሉ ላኪው ቢሮ ውስጥ ከተቆለፈ የተለወጠ ነገር የለም። ስለዚህ የአባላት መዝገብ፣ የማሳ ካርታ ከነጂፒኤስ ነጥቡ፣ የውስጥ ቁጥጥር ቅጾችና የመጨረሻው የኦዲት ሪፖርት ቅጂ በማኅበሩ እጅ እንዲሆን በውሉ አስገቡ። ይህንም ከለቀማ በፊት ጨርሱ፤ ምርቱ ተሰብስቦ ገንዘብ በቸገረ ሰዓት ማንም እሺ አይላችሁም። ሰነዱ ከሌለ አዲስ ሰርተፊኬት ስታመለክቱ ማሳው ስንት ዓመት ኦርጋኒክ እንደቆየ ማስረዳት ያቅታችኋል፤ ለቡና ዓይነት ቋሚ ተክል ደግሞ ከተራ ወደ ኦርጋኒክ የሽግግሩ ጊዜ 3 ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ የፌርትሬድ (ለአምራቾች ዝቅተኛ ዋጋ የሚያስጠብቅ የሰርተፊኬት ሥርዓት) ዝቅተኛ ዋጋ በአንድ ፓውንድ ክብደት 1.80 ዶላር ነው ይባላል። ገበሬው እጅ የሚገባው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ማን ወሰደው?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ለታጠበ አረቢካ የተቀመጠው ይህ ዋጋ መርከብ ላይ ለተጫነ ቡና የሚከፈል ነው። ማጠቢያው፣ መቀሸሪያው፣ መጓጓዣውና የማኅበሩ ወጪ ሁሉ ከእሱ ይቀነሳሉ። የገበያ ዋጋ ከበለጠ ደግሞ የሚከፈለው የገበያው ነው። ከዚህ በላይ በፓውንድ 20 የዶላር ሳንቲም ፕሪሚየም፣ ማለትም ለማኅበሩ የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ፣ አለ፤ ቢያንስ 5 ሳንቲሙ ለምርታማነትና ለጥራት መዋል አለበት።

በቁጥር እንየው። ባለ 60 ኪሎ 320 ከረጢት፣ ማለትም 19,200 ኪሎ፣ ወደ 8,466 ዶላር ፕሪሚየም ያስገኛል። 800 አባላት ቢከፋፈሉት ለአንድ ሰው 10 ዶላር ተኩል ገደማ ነው። ለዚህም ነው ስንት ቡና ተመሰከረለት ከማለት ስንቱ በፌርትሬድ ውል ተሸጠ ብሎ መጠየቅ የሚሻለው፤ ያለ ውሉ የሄደው ፕሪሚየም አያመጣም፣ የኦዲት ወጪውን ግን ይጋራል። በጠቅላላ ጉባኤ ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ አስነብቡ።

ጥያቄ፦ አውሮፓ ያለው ገዢያችን የሚከፍለን ከ90 ቀን በኋላ ነው። መብታችን ምንድን ነው?

መልስ፦ የኅብረቱ መመሪያ 2019/633 ቶሎ ለማይበላሽ ምርት 60 ቀን፣ ቶሎ ለሚበላሽ 30 ቀን ጣሪያ አስቀምጧል። ሻጩ ከኅብረቱ ውጭ ቢሆንም ይሠራል፤ ነገር ግን የገዢው ዓመታዊ ሽያጭ መመሪያው ባስቀመጠው እርከን ከእናንተ መብለጥ አለበት። አቤቱታው ገዢው ባለበት አገር ላለው አስፈጻሚ አካል ይቀርባል፤ ገዢው እንዳይቀየም ከፈራችሁ ማንነታችሁ እንዳይገለጥ ጠይቁ፣ ወይም የአምራቾች ድርጅት ስለእናንተ ያመልክት። የፌርትሬድ ውል ካላችሁ ደግሞ እስከ 60 በመቶ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ ካልጠየቃችሁ ገዢው የማቅረብ ግዴታ የለበትም።