የትኛዋ መነን?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅቱ። ጎንደር፣ ማራኪ ነው የምኖረው። ሴት ልጅ ከወለድኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ክርስትናዋ እየደረሰ ነው፣ ስም ግን እስካሁን አላወጣንላትም። አያቴ «መነን በያት» ብለው ሙጭጭ ብለዋል። ባለቤቴ የአሮጊት ስም ነው፣ ትምህርት ቤት ይስቁባታል ይላል። እህቱ ደግሞ ጭራሽ «አፄ ቴዎድሮስን የኮሶ ሻጭ ልጅ ብለው የሰደቡት እቴጌ መነን አይደሉ እንዴ? ጎንደር ላይ እንዴት በእሳቸው ስም ልጅ ይጠራል?» ብላ ቤቱን አመሰችው። አያቴ ይህን ሲሰሙ በጣም አዘኑ። እሳቸው የሚያውቋቸው እቴጌ መነን የጃንሆይ ባለቤት፣ ሴት ልጆችን ያስተማሩት ናቸው። ማን ነው ልክ? ስሙስ ይቅርብን?
የሰማንያ ቀን እናት

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!

ሁለቱም ልክ ናቸው፣ አያትሽም የባለቤትሽ እህትም። የተጋጩት ስለ ሁለት የተለያዩ ሴቶች እያወሩ ስለሆነ ነው። እቴጌ መነን የሚባሉ ሁለት ነበሩ። አንዷ በዘመነ መሳፍንት ጎንደር ላይ፣ ሌላዋ በጃንሆይ ዘመን አዲስ አበባ ላይ። ይህ መምታታት እናንተ ቤት ብቻ ያለ እንዳይመስልሽ። ቡና ላይ ሲወራ አንዷን አንስተው ሳይጨርሱ ሌላዋ ውስጥ የሚገቡ ሰዎች ስንት ጊዜ ገጥመውኛል።

ከቅርባችን ልጀምር። የጎንደሯ እቴጌ መነን ሊበን ናቸው። በትውልድ ግን የወሎ ሰው ናቸው፣ የወረ ሂማኖው ኢማም ሊበን ልጅ። ከሙስሊም ቤት ተወልደው በኋላ ክርስትና ተቀበሉ። ለየጁው አሉላ ጉግሣ ተድረው ወንድ ልጅ ወለዱ፣ እሱም ታሪክ ዳግማዊ ራስ አሊ የሚላቸው ሆነ። ራስ አሊ ሥልጣን ላይ ሲወጡ ገና ልጅ ነበሩ፣ እናታቸውም ከጎናቸው አልጠፉም። ከዚያ መነን አፄ ዮሐንስ 3ኛን አገቡና እቴጌ ተባሉ። በዚያ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ፋሲል ግቢ ውስጥ የሚቀመጥ ስም ብቻ ነበር፣ ሥልጣኑ ያለው በየጁዎቹ ራሶች እጅ ነው። ስለዚህ ጎንደርና ደምቢያ ላይ ትእዛዝ ሲፈለግ ሰው የሚሄደው ወደ ንጉሡ ሳይሆን ወደ እቴጌዋ ነበር።

አሁን ወደ ኮሶው እንምጣ። የቋራው ካሳ ኃይሉ በሸፈተ ጊዜ እቴጌዋና ልጃቸው በጋብቻ ሊያስሩት አሰቡ፣ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ተዋበች ለእቴጌ መነን የልጅ ልጅ ናት። ጋብቻው ግን ካሳን አላሰረውም። ቤተ መንግሥቱ ይንቀው ነበር፣ ንቀቱም ጆሮው ይደርስ ነበር። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግራቸው ጊዜ ኮሶ ሸጠው አሳድገውታል ስለሚባል ስድቡ ከዚያ መጣ። ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባል የእቴጌዋ የጦር ሰው ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ወጣ። ተማረከ። ካሳም የእናቴ ኮሶ ሳይሸጥ ቀርቷል ብሎ ኮሶ አጠጣው ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ኮሶ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ፣ መኳንንቱም ጭምር የሚጠጣው መድኃኒት ነበር። ሁሉም ሰው የሚፈልገውን መድኃኒት ሸጣ ልጇን ያሳደገች እናት ለእኔ የምትከበር እናት ናት፣ ቃሉንም እንደ ስድብ አልሰማውም። ስለዚህ የባለቤትሽ እህት መናደዷ ይገባኛል። ግን አንዲት ሴት በዚህ አንድ ቃል ብቻ ስትታወስ ያመኛል፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ትልቁ ታሪክ።

በ1839 ዓ.ም. ጥር ላይ ካሳ ጎንደርን ያዘ። እቴጌዋ ሌላ የጦር አለቃ ልከው ቤታቸው አልተቀመጡም። ራሳቸው ከነሠራዊታቸው ወጡ፣ ባላቸውም አብረው ነበሩ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ከጣና በስተሰሜን ተገናኙና እቴጌ መነን ተሸነፉ፣ ተማረኩም። ራስ አሊ እናታቸውንና ንጉሡን ለማስለቀቅ ከጣና ምዕራብና ሰሜን ያለውን አገር በሙሉ ለካሳ መልቀቅ ግድ ሆነባቸው። አስቢው እስኪ፣ ያን ሁሉ አገር። ከአዘዞ ወጥተሽ ወደ ቆላ ድባ ስትወርጂ የሚዘረጋውን ሜዳ ታውቂዋለሽ፣ ጤፉና ሽምብራው የሚታጨድበት፣ እስከ ጎርጎራ ድረስ ዓይን የማይጨርሰው። እኔ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ይህ ሁሉ የአንዲት ሴት ቤዛ ነበር እላለሁ። የደምቢያን ሀብት የያዘው ካሳ ከ6 ዓመት በኋላ አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል አደረገ፣ በ1847 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ፒያሳ ሐውልታቸውን ስታዪ መንገዱ የተጀመረው እዚያ ሜዳ ላይ እንደሆነ አስታውሺ።

የአያትሽ መነን ሌላ ናቸው። እቴጌ መነን አስፋው። የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ልጅ፣ በእናታቸው በወይዘሮ ስሂን በኩል የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ። የንጉሥ ሚካኤል ቤት ደግሞ ያው የወረ ሂማኖ ቤት ነው። የሁለቱ መነኖች ዘር እዚያ ይገናኛል ማለት ነው። ይህን ባወቅሁ ቀን በጣም ነው የገረመኝ፣ ሰው ሁለቱን ቢያምታታ አይፈረድበትም አልኩ።

በ1903 ዓ.ም. ያኔ ደጃዝማች የነበሩትን ተፈሪ መኮንንን አገቡ፣ 6 ልጆችም ወለዱ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ባላቸው አፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ እሳቸውም በዚያው ቀን ዘውድ ጫኑ። እቴጌ ጣይቱ እንኳ ዘውድ የጫኑት ምኒልክ ከነገሡ ከ2 ቀን በኋላ ነበር። ዘውዱን በጫኑ ማግስት፣ በፈረንጆቹ 1931፣ የሴቶች ትምህርት ቤታቸውን አቋቋሙ። ልጃገረዶች ከቤታቸው ርቀው፣ እዚያው እያደሩ ተማሩበት። ያኔ ሴት ልጁን ከቤት አስወጥቶ ለማስተማር የሚደፍር ስንት አባት ነበር? አያትሽ በዚህ የሚኮሩት በከንቱ አይደለም።

ሌላም አለ፣ እኔ ከሁሉ የምወደው። ጣሊያን ሲገባ ቤተ መንግሥቱ ተሰደደ። እቴጌዋ የእንግሊዝ ብርድ ስላልተስማማቸው ክረምቱን ኢየሩሳሌም ያሳልፉ ነበር። ቤተልሔም፣ ጌታ የተወለደበት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ተሳሉ፣ አገሬ ነፃ ከወጣች ዘውዴን እሰጣለሁ ብለው። አገር ነፃ ወጣች። ዘውዳቸውን ላኩት። ያረፉት የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፣ የተቀበሩትም አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ።

ካህኑ ለልጅሽ የክርስትና ስም ሲያወጡላት ይህችንም አስታውሺ። የእቴጌ መነን አስፋው የክርስትና ስም ወለተ ጊዮርጊስ ነበር። ቁስቋምን ያሠሩት የኛዋ እቴጌ ምንትዋብም የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። ምንትዋብም፣ መነንም የዓለም ስም ናቸው።

የአሮጊት ስም ስለሚለው፦ አብራኝ የተማረች መነን ነበረች። ስም ሲጠራ ከኋላ «እማማ!» ይሏታል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ አስተማሪውም አብሮ ይስቅ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ስሟን አስቀየረች። እኔ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያኔ ማናችንም ስሙ የማን እንደነበር አለማወቃችን ነው። የሚነግረን ቢኖር ኖሮ አንስቅም ነበር። ባለቤትሽ የፈራው እውነት ነው፣ ልጆች ይስቃሉ። ግን አንቺ ታሪኩን ታውቂያለሽ፣ ሳትጀምር ትነግሪያታለሽ። ጦር መርታ የወጣችውንም፣ ተማሪ ቤት የከፈተችውንም። እኔ ብሆን «መነን» እላት ነበር፣ አያትሽም በሕይወት እያሉ ይሰሙት ነበር።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ጎንደር ቀበሌ 18። መነን ትምህርት ቤት የሚባለው አሁንም አለ ወይስ ፈርሷል?

መልስ፦ አለ፣ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ። ከአብዮቱ በኋላ የካቲት 12 ተብሎ ስለተሰየመ ነው ያላገኘሽው። ሰው ግን ዛሬም ሰፈሩን «መነን» ይለዋል። ታክሲ ውስጥ ብትይው ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው። እኛ ቤት ተዋበች የእቴጌ መነን ልጅ ናት ይባላል። ከባሏና ከእናቷ ስትመርጥ ባሏን መረጠች ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ከላይ እንዳልኩት የልጅ ልጅ ናት፣ አባቷ ራስ አሊ ናቸው። መምረጧ ግን እውነት ነው። ባሏ አያቷን ሲማርክም፣ በኋላ አባቷን ሲወጋም ከካሳ አልተለየችም። ከቤተሰቧ የሚመጣውን ንቀት ራሷ አትታገሠውም ነበር ይባላል። ይህን ቀላል ነገር አድርገው የሚያወሩት ሰዎች ያስገርሙኛል። በየትኛውም በኩል ድል ቢሆን ለእሷ ለቅሶ ነበር። እስክትሞት ድረስ፣ ነሐሴ 1850 ዓ.ም.፣ የቴዎድሮስ ሚስት ሆና ኖረች፣ ሞቷም ንጉሡን በጣም እንደጎዳቸው የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል። ከእሷ በኋላ ያገቧት የደጃዝማች ውቤ ልጅ ጥሩወርቅ ናት፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት። ተዋበችና ጥሩወርቅን አንድ የሚያደርጉ ደብዳቤዎችም ስለደረሱን የጥሩወርቅን ነገር ለብቻው በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን።