ስለ እርጅና ላጥና ወይስ ልተወው? ከጅማ ለጠየቀችን እህት

ሰላም እህቴ። ሁለተኛ ዲግሪሽን ጨርሰሽ ማስተማር ጀምረሻል፤ አረጋውያን ላይ ምርምር መሥራት ትፈልጊያለሽ፤ አማካሪሽ ግን «ገንዘቡ ያለው እናቶችና ሕፃናት ላይ ነው፤ በእርጅና አዲስ ነገር አታገኚም» ብለውሻል። ስለ ገንዘቡ እውነታቸውን ነው። ስለ ሁለተኛው ግን አልስማማም። እኔም እዚሁ ጅማ ጀማሪ ሳለሁ ይህንኑ ምክር ሰምቼ በሌላው ጆሮዬ አስወጥቼዋለሁ።

የመጀመሪያው የመስክ ሥራዬ ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ የመርሳት በሽታን መለየት ነበር። የያዝኩት በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመውን፣ በብዙ አገር የሚሠራበትን ባለ 30 ነጥብ የአእምሮ መመዘኛ ነው። አንዲት እናት ሰፌድ ላይ ቡና እየለቀሙ ተቀበሉኝ። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» አልኳቸው። «ረመዳን ካለፈ ሁለተኛዋ ጨረቃ ናት፤ ነገ ገበያ ነው» አሉኝ በኦሮምኛ። ልክ ነበሩ። ቅጹ የሚፈልገው ቁጥር ስለነበር ዜሮ ሞላሁ። ቀጥዬ ሁለት የተጠላለፉ ባለ አምስት ጎን ቅርጾች አሳይቼ አስመስለው እንዲስሉ ጠየቅኋቸው። እርሳሱን እንደ እንዝርት በሁለት ጣት ያዙት፤ ከዚያ በፊት ይዘው አያውቁም። «አንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ» የሚለውን ለመጠየቅ አፈርኩ። በመጠይቁ ስሌት ታማሚ ሆኑ። ልወጣ ስነሣ ለየትኛው ጎረቤት ስንት ጣሳ በቆሎ እንዳበደሩ ለልጃቸው አንድ በአንድ ሲዘረዝሩ ሰማሁ።

እህቴ፣ ሥራው ያለው እዚያ ዜሮ ላይ ነው። መመዘኛው የወደቀበትን ቦታ መመርመር ራሱን የቻለ ጥናት ነው። ሩዳስ የሚባለው፣ ሲድኒ ውስጥ ባህላቸው ለሚለያይ ሰዎች የተዘጋጀው መጠይቅ ይሻላል፤ የሚያስታውሱት ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላልና ሳሙና ነው። እሱም ቢሆን መኪና የሚበዛበትን መንገድ እንዴት እንደሚሻገሩ ይጠይቃል። አንድ አዛውንት «ምን ፍለጋ እሻገራለሁ?» ብለውኛል። የትኛው ነጥብ ይሰጣቸው?

እድሜም እንዲሁ ነው። የሰበሰብሽውን መረጃ ስትከፍቺ 60፣ 65 እና 70 ላይ ሰው ተከምሮ 63 እና 67 ላይ ይሳሳል። ማንም አልዋሸም፤ የልደት ምዝገባ በሌለበት ዘመን የተወለደ ሰው የሚሰጥሽ ግምቱን ነው። እኔ «አብዮቱ ሲፈነዳ ስንት ልጅ ወልደው ነበር?» ብዬ ከ1966 ዓ.ም. እነሣና ከበኩር ልጃቸው እድሜ ጋር አመሳክራለሁ። አሰልቺ ነው፤ ግን እድሜን ሳታውቂ ስለ እርጅና ምን ልትጽፊ ነው?

አማካሪሽ «አዲስ ነገር የለም» ካሉ የኮሌስትሮሉን ታሪክ አንሺላቸው። አሜሪካ ዳላስ ውስጥ ሄለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች ጥቁር አሜሪካውያን በብዛት የተካተቱበትን ጥናት ሲመረምሩ ፒሲኤስኬ9 የተባለው ዘረመላቸው የተሰናከለባቸው ሰዎች አገኙ፤ መጥፎው ኮሌስትሮላቸው ዝቅተኛ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት እነዚህ ጥቁሮች በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ አደጋቸው በ88 በመቶ አንሶ ተገኘ። በ2015 እ.ኤ.አ. በዚያው መንገድ የሚሠሩ መድኃኒቶች ተፈቀዱ። ያ ለውጥ በነጮች ዘንድ እጅግ ብርቅ ነው፤ እነሱን ብቻ ቢያዩ ኖሮ ባለፋቸው ነበር። አልዛይመር ለሚባለው የመርሳት በሽታ የሚያጋልጠው አፖ-ኢ4 የተባለ የዘረመል ዓይነትም የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ጉልበቱ ቀንሶ ይታያል። የእኛ አገር ሽማግሌዎች በእንዲህ ያሉ ጥናቶች ውስጥ ስንት ናቸው?

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። አማካሪሽን አትጣያቸው። የእናቶችና የሕፃናት ቡድን ቤት ለቤት ሲዞር አያት ያሉበት ቤት ነው የሚገባው፤ አሥር ጥያቄ እንዲጨምሩልሽና አብረሽ እንድትሄጂ ለምኚያቸው። እኔ የጀመርኩት እንዲህ ነው። ኦሮምኛ የምትችል መረጃ ሰብሳቢ ያዢ፤ ልጅ ለእናቱ እየመለሰ እንዳያስቸግርሽ እሱን የምታጫውት ሌላ ሰው ጨምሪ። የስምምነት ቅጹ ላይ አሻራ ከማስደረግሽ በፊት ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ጋር ተነጋገሪ፤ እኔ ዘንድ አንድ አባት መሬታቸው የሚወሰድ መስሏቸው ቀለሙን አይተው ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ምስክር ባለበት በቃል እንዲሆን አስፈቅጃለሁ።

ከወንበር ተነሥቶ ሦስት ሜትር ተራምዶ የመመለሱን ፈተና ልትሠሪ ካሰብሽ ደግሞ ወንበሩን ይዘሽ ሂጂ። በየቤቱ የምታገኚው በርጩማ ነው፤ ከእሱ መነሣት ለእኔም ይከብደኛል። በባጃጅ ሳመላልሰው የከረምኩት ወንበር አሁንም ቢሮዬ አለ፤ አንድ እግሩ ትንሽ ይነቃነቃል እንጂ ደህና ነው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና መጥተሽ ውሰጂው።